የደብረ ታቦር የጾም ገበታ፦ የሎሚና የትኩስ ቅጠል ማጣፈጫ በቤታችን

ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን አስከትሎ ወደ ተራራው በመውጣት፣ ሙሴና ኤልያስ በተገኙበት ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ይህ ዕለት ከዘጠኙ ዐበይት የጌታ በዓላት አንዱ ሆኖ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል። ሕዝቡ ቡሄ እያለ በሚጠራው በዚህ በዓል ችቦው ሲበራ፣ ጅራፉ ሲጮኽ፣ ልጆችም በየደጁ እየዞሩ ሲያዜሙና ሙልሙል ሲቀበሉ ክረምቱ ወደ መገባደጃው መድረሱ ይታወቃል።

ይሁንና በዓሉ ከልደትና ከትንሣኤ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ነሐሴ 1 ቀን ተጀምሮ እስከ 15 ቀን በሚዘልቀው በጾመ ፍልሰታ መካከል የሚውል በመሆኑ፣ የዶሮ ወጥና የቅቤ መዓዛ ቤቱን አይሞላውም። ሕፃናት ጭምር በፍቅር በሚጾሙት በዚህ ጾም በእናቶቻችንና በእኅቶቻችን ፊት የሚደቀነው ጥያቄ ግልጽ ነው። በዓሉ በዓል መሆኑ በገበታው እንዲታወቅ፣ ጾሙም ጾም ሆኖ እንዲቀጥል ምን ይቅረብ?

በብዙ ቤቶች እንደምናስተውለው መልሱ ዘይት ሆኗል። ቅቤው በቀረበት ልክ ዘይቱ ይጨመራል፤ ድንቹና ሳንቡሳው በዘይት ተጠብሶ ይወጣል፤ በሽሮውና በምስር ወጡ ላይም ዘይቱ ይንሳፈፋል። በዚህም የተነሣ ጾመኛው ከማዕድ ሲነሣ ሰውነቱ ቀልሎት ለጸሎት መቆም ሲገባው፣ ከብዶት ጋደም ማለትን ይመርጣል። ሰላጣው ግን አቼቶ ጠብ ተደርጎበት ከትሪው ዳር እንደ ጌጥ ተቀምጦ ይውላል። እኛ በዛሬው ጽሑፋችን ልናሳስብ የወደድነው ይህን ከዳር የተቀመጠ ምግብ ወደ ገበታው መካከል ማምጣት እንደሚቻል ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ውድ ነገር አይደለም፤ ጥቂት ሎሚ፣ ጥቂት ዘይትና ከጓሮ የተቀነጠሰ ትኩስ ቅጠል ይበቃል።

ማጣፈጥ ጾምን ያስገድፋልን?

አንዳንድ አረጋውያን አባቶችና እናቶች፣ «ጾም ከተባለ ዘንድ ጥፍጥና ምን ያደርጋል?» ሲሉ ይሰማሉ። አነጋገራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ነቢዩ ዳንኤል ሦስት ሳምንት በኀዘን በቆየ ጊዜ መልካሙን ምግብ እንደ ተወ በመጽሐፉ ምዕራፍ 10 ላይ ተጽፏል። በዋልድባ ገዳም የሚኖሩ መነኮሳት እህል ትተው ቋርፍ እየተመገቡ ይጋደላሉ። በዚህ በፍልሰታ ሱባዔም ጥሬ ቆርጥመው፣ ውኃ ተጎንጭተው የሚሰነብቱ ምእመናን ጥቂቶች አይደሉም። እንዲህ ያለውን ተጋድሎ ለሚፈጽሙት በረከታቸው ይደርብን ከማለት በቀር የምንጨምረው ቃል የለንም።

ነገር ግን ይህ ለሁሉ የተጫነ ሕግ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ምእመናንን በጠቅላላ የምታዝዘው እስከ ተወሰነው ሰዓት ከምግብ እንዲከለከሉ፣ ከሰዓቱም በኋላ ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ እንዲርቁ፣ የፈቀደችውንም በልክ እንዲመገቡ ነው። ጌታችንም በተራራው ስብከቱ፣ የሚጾም ሰው ፊቱን አጠውልጎ ለሰው እንዳይታይ፣ ይልቁንም ራሱን ተቀብቶ ፊቱን እንዲታጠብ አስተምሯል (ማቴ. 6፥16-18)። ስለዚህ ጾመኛ ቤት የግድ የጠወለገ ቤት፣ የጾም ማዕድም የግድ የተሰላቸ ማዕድ መሆን የለበትም። በተለይም ገና ጾምን የሚለማመዱ ልጆች የጾምን ወራት የሚያስታውሱት በደረቀ እንጀራና በቀዘቀዘ ሽሮ ብቻ ከሆነ፣ ሲያድጉ ጾሙን እንደ ቅጣት እንዳይቆጥሩት ያሰጋል።

እንግዲህ ማጣፈጥ ሌላ፣ መቀማጠል ሌላ ነው። አንዱን ከሌላው ለመለየት እያንዳንዱ ቤተሰብ ራሱን ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበቃዋል። ከማዕድ ስንነሣ ሰውነታችን ለስግደት ይታዘዘናልን? ለጾሙ ምግብ ያወጣነው ገንዘብ ከፍስኩ በልጧልን? ከገበታችንስ ለተቸገረ ወገን የሚተርፍ አለን? ሎሚና ቅጠል በእነዚህ በሦስቱም ሚዛን ቢመዘኑ የሚያሳፍሩ አይደሉም።

ቅጠሉና ፍሬው

የነሐሴ ዝናብ ጓሮውን ሁሉ ያለመለመበት ወቅት በመሆኑ ትኩስ ቅጠል ለማግኘት ከዚህ የተመቸ ጊዜ የለም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው በብዙ ቤት ደጃፍ የሚበቅለው ጤና አዳም ነው። ከቡና ጋር መቅረቡን ሁሉም ያውቀዋል። መዓዛው ኃይለኛ ስለሆነ በማጣፈጫ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቅንጣቢ ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ምሬቱ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። በሶብላ ደግሞ ደርቆ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር መፈጨቱ የተለመደ ሲሆን፣ ትኩሱ ቅጠል ግን ከደረቀው የለሰለሰና ወደ ጣፋጭነት ያደላ መዓዛ አለው። የድንብላል ቅጠልን በደቡብ አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ከቃሪያ ጋር ወቅጠው ዳጣ ያዘጋጁበታል። ናናው ለሰላጣና ለዱባ ይስማማል። በሰሜንና በመንዝ ደጋዎች የሚበቅለው ጦስኝም በሻይ ብቻ ሳይወሰን ጥቂት ቅጠሉ ቢነሰነስ ለድንችና ለቀይ ሥር ልዩ ጣዕም ይሰጣል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ዕቃ መደባለቅ ግን አይገባም። ሁለት ዓይነት ቅጠል ቢመረጥ፣ ቢበዛ ሦስት፣ የእያንዳንዱ መዓዛ ተለይቶ ይታወቃል።

ከፍሬው ወገን ዋናው የአገራችን ትንሹ ሎሚ ነው። ሲገዛ ቆዳው ስስና ለስላሳ፣ በእጅ ሲመዘን ከመጠኑ ይልቅ ከበድ የሚል ቢሆን ውኃው ብዙ መሆኑ ይታወቃል። የሎሚው ኮምጣጣነት ብቻውን ስለሚከር፣ ግማሽ ብርቱካን ቢጨመርበት ስኳር ሳያስፈልግ ይለዝባል። ትርንጎ የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ የውጭው ቢጫ ልጣጭ በጥቂቱ ተፍቆ ቢገባ መዓዛው ከሁሉ ይበልጣል። ከልጣጩ ሥር ያለው ነጩ ክፍል በሎሚም በብርቱካንም ላይ መራራ ስለሆነ ከፍቅፋቂው ጋር እንዳይገባ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የሎሚ ጥቅም ከጣዕሙ ያልፋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1747 ዓ.ም. ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም፣ ድዳቸው እየደማ ሰውነታቸው እየዛለ የሚሠቃዩ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ ልዩ ልዩ ነገር ቢሰጣቸው፣ ፈጥነው የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የተመገቡት ሁለቱ ነበሩ። ዛሬ ምክንያቱ ቫይታሚን ሲ መሆኑ ይታወቃል። ለጾመኛ ቤት ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ሌላ ነገርም አለ። በምስር፣ በሽምብራ፣ በባቄላና በጤፍ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነታችን ከሥጋ እንደሚያገኘው በቀላሉ አይወስደውም። በዚያው ማዕድ ላይ ሎሚ ሲጨመር ግን የሚወስደው መጠን ከፍ ይላል። በአንጻሩ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ይህንኑ ይቀንሰዋል። ደም ማነስ ለሚያሰጋቸው ወጣት ልጃገረዶችና እናቶች ሎሚውን ከምስሩ ጋር፣ ቡናውን ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ማድረግ ያለ ወጪ የሚገኝ መፍትሔ ነው። ቫይታሚን ሲ እሳት ሲነካው ስለሚጠፋ ሎሚው ምግቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ መጨመር ይኖርበታል።

አሠራሩ

ለ6 ሰው የሚበቃ ማጣፈጫ ለማዘጋጀት የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው።

4 ሎሚና ግማሽ ብርቱካን፤
8 የሾርባ ማንኪያ የኑግ፣ የሰሊጥ ወይም የሱፍ ዘይት፤
ከአንድ ራስ ላይ የተፈለቀቀ 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፤
የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ትኩስ ዝንጅብል፤
1 ቃሪያ፣ ፍሬው የወጣለት፤
1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ፤
1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አፉ ያልሞላ፤
1 እፍኝ የበሶብላና የድንብላል ቅጠል፣ 1 ቅንጣቢ ጤና አዳም።

በመጀመሪያ ሰናፍጩ በሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ተለውሶ ለ10 ደቂቃ ያህል ይቀመጣል። ሰናፍጭ ኃይሉን የሚያወጣው ውኃ ከነካው በኋላ ነው፤ ሎሚ ቀድሞ ከገባበት ግን ኃይሉ ሳይወጣ ስለሚቀር ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። በዚህ መካከል ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ቃሪያው ከጨው ጋር በሙቀጫ ይወቀጣሉ። ጨው አብሮ መወቀጡ ሽንኩርቱ እንዳይንሸራተትና ፈጥኖ እንዲልም ይረዳል።

ሎሚው ከመቆረጡ በፊት በመዳፍ ተጫን ተደርጎ በጠረጴዛ ላይ ይንከባለላል፤ እንዲህ ሲደረግ ውኃውን በቀላሉ ይሰጣል። ፍሬው እንዳይወቀጥና እንዳያመር በማጥለያ ይጨመቃል። የሎሚውና የብርቱካኑ ውኃ ከተወቀጠውና ከሰናፍጩ ጋር በብርጭቆ ወይም በሸክላ ዕቃ ይደባለቃል። የአሉሚኒየምና የመዳብ ዕቃ ከሎሚ ጋር ስለማይስማማና ጣዕሙን ስለሚለውጥ አይመረጥም። ከዚያ ዘይቱ በቀጭኑ እየተንቆረቆረ በሹካ ያለማቋረጥ ይመታል። ዘይትና ሎሚ በጠባያቸው የማይዋሐዱ ቢሆኑም ሰናፍጩ በመካከላቸው ገብቶ ያያይዛቸዋል፤ ማጣፈጫውም ወፈር ብሎ ቅጠሉን የሚለብስ ይሆናል። ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ መበጥበጥም ያው ነው።

ትኩሱ ቅጠል የሚገባው በመጨረሻ፣ ገበታው ሊቀርብ ሲል ነው። አስቀድሞ ከገባ ሎሚው አረንጓዴ መልኩን አጥቁሮ የተቀቀለ ያስመስለዋል። ጤና አዳሙ ሳይከተፍ ከነዘንጉ ገብቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ቢወጣ መዓዛው ብቻ ይቀራል። በመጨረሻም ሰላጣው ከመቅረቡ ጥቂት ቀደም ብሎ በማጣፈጫው ይታሻል። ቀድሞ ከታሸ ጨውና ሎሚው ውኃውን አውጥተው ያጠወልጉታል። ቅጠሉም በንጹሕ ጨርቅ የደረቀ መሆን አለበት፤ ውኃ ያዘለ ቅጠል ማጣፈጫውን አይዝም።

ለየትኛው ምግብ?

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ ነው ማለት አይቻልም። ምስሩ ተቀቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ በሰናፍጭ፣ በሎሚ፣ በቃሪያና በሽንኩርት የሚታሸው አዚፋ ከዚህ ማጣፈጫ የሚለየው በትኩሱ ቅጠል ብቻ ነው። እናቶቻችን ሰናፍጭና ሎሚን አጋብተው ሲያበቁ ያቆዩልንን ብልሃት ወደ ሰላጣው፣ ወደ ቲማቲሙና ወደ ቀይ ሥሩ ማስፋት ነው የቀረን። ለቲማቲም ሰላጣ በሶብላው ይበልጣል። ለተቀቀለ ድንችና ቀይ ሥር ጦስኝና ነጭ ሽንኩርት ይስማማሉ፤ ድንቹ ገና ትኩስ ሳለ ማጣፈጫው ቢፈስበት ጠልቆ ይገባዋል። ለተከተፈ ጥቅል ጎመንና ካሮት የድንብላል ቅጠሉና ብርቱካኑ በርከት ይበሉ። በካሮትና በጎመን ውስጥ ያለውን ለዓይን የሚጠቅም ንጥረ ነገር ሰውነት የሚወስደው ጥቂት ዘይት ሲኖር ስለሆነ፣ ዘይቱን ፈጽሞ ማስቀረትም አይመከርም። በልክ መሆኑ ይበቃል።

ዘይት ለማይስማማቸው ደግሞ የሱፍ ውኃ አለ። ሱፉ ታጥቦ፣ በእሳት ለስለስ ብሎ ተቆልቶ፣ ከተፈጨ በኋላ በለብታ ውኃ ተበጥብጦ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ወተት መስሎ የሚወጣው ይህ ውኃ ከላይ በተገለጸው ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ጤና አዳም ሲጣፈጥ ለሰላጣም ለእንጀራ ፍትፍትም ይሆናል። ወፈር ተደርጎ ሲዘጋጅ ደግሞ የቡሄው ሙልሙል ይጠቀስበታል። ቅቤ ለማይቀባበት የጾም ዳቦ ከዚህ የተሻለ ማባያ ማግኘት ያስቸግራል፤ ልጆችም ይወዱታል።

ንጽሕናና ጥንቃቄ

ጥሬ ቅጠል መልካም የሚሆነው ንጹሕ ሲሆን ነው። ክረምት የጎርፍ ወቅት በመሆኑ በወንዝ ዳር የለማ አትክልት ለተስቦና ለተቅማጥ በሽታ ምክንያት እንዳይሆን ያስፈራል። «ሎሚ ስለገባበት ይገድለዋል» የሚለው አባባል ብዙዎችን ያዘናጋል፤ ሎሚ ጀርምን ቢያዳክም እንኳ ሁሉንም አያጠፋም። ስለዚህ ሰላጣው ቅጠል በቅጠል ተለያይቶ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ከዚያም በማከሚያ መድኃኒት በታከመ ውኃ በመመሪያው መሠረት ተዘፍዝፎ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይለቅለቅ። ማጣፈጫው በዕለቱ ቢበላ ይመረጣል። ከተረፈ በማቀዝቀዣ ከ3 ቀን በላይ አይቆይ። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተዘፍዝፎ ከማቀዝቀዣ ውጭ ሲከርም ጠረኑም መልኩም ሳይለወጥ ለሕይወት የሚያሰጋ መርዝ ሊያፈራ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል።

ነፍሰ ጡር እናቶች ጤና አዳምን ፈጽሞ ቢተዉት ይገባል፤ ማሕፀንን የማነሣሣት ጠባይ አለው። ጨጓራ ለሚያማቸው ሎሚው ተቀንሶ በሱፍ ውኃ ቢለዝብ መልካም ነው። ሎሚ የጨመቀ ወይም ጤና አዳም የቀነጠሰ እጅም ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ ቢቆይ ቆዳው ሊቃጠልና ሊጠቁር ስለሚችል፣ በተለይ ልጆች በዚህ ሥራ ሲያግዙ እጃቸውን ወዲያው ይታጠቡ።

ከቅጠሉ የሚከብደው

ስለ ቅጠል ይህን ያህል ከተናገርን በኋላ ጌታችን ስለ ቅጠል የተናገረውን ሳናነሣ ብናልፍ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ቁጥር 42 ላይ፣ ከደጃፋችን የምንቀነጥሰው ጤና አዳም በስሙ ተጠርቷል። ፈሪሳውያን ከጤና አዳምና ከአትክልት ሁሉ ሳይቀር አሥራት እያወጡ፣ ፍርድንና እግዚአብሔርን መውደድን ግን በመተዋቸው ተገሥጸዋል። ልብ ማለት የሚገባን ግን ጌታችን ቅጠሉን በጥንቃቄ መመዘናቸውን አልነቀፈም፤ ያኛውንም ሳይተዉ ይህን ማድረግ ይገባቸው እንደ ነበር ነው የነገራቸው። ተግሣጹ ቀላሉን ይዘው ከባዱን ስለ ጣሉ ነው።

እኛም የሎሚውን ልክ፣ የጨውን መጠን፣ የቅጠሉን ዓይነት ስንለይ ከባዱን እንዳንረሳ ያስፈልጋል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ለተራበ እንጀራን መቁረስ፣ ስደተኛውን ድኻ ወደ ቤት ማግባት፣ የታረዘውን ማልበስ መሆኑን ያስተምረናል። ለበዓሉ ያልተገዛው ዶሮ፣ ያልተነጠረው ቅቤ ዋጋ አለው። ያ ዋጋ በኪሳችን ከቀረ ጾማችን ቁጠባ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ለጎረቤት አረጋዊት፣ ለአልጋ ቁራኛው፣ ቤተሰቡን ትቶ ለሥራ ከተማ ለገባው ወጣት ከደረሰ ግን ጾሙ ፍሬ አፈራ። በቡሄ ዕለት ደጃችን መጥተው ከሚያዜሙት ልጆች መካከልም የሚመለስበት ቤት የሌለው አይጠፋም። ለእርሱ ሙልሙሉን በእጁ ሰጥቶ ከመሸኘት ይልቅ ገብቶ ከገበታው እንዲቀመጥ ማድረግ የበዓሉን ብርሃን ከችቦው ይልቅ ያደምቀዋል።

ከላይ ያቀረብነው መጠን ለ6 ሰው መሆኑን ገልጸናል። በዚህ በዓል እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሎሚ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ቁንጥር ቅጠል ጨምሮ ለ7 ሰው ቢያዘጋጀውና ሰባተኛውን ሰው ከደጅ ፈልጎ ቢያስገባ፣ የጾሙም የበዓሉም ሥርዓት በአንድ ገበታ ላይ ተፈጸመ ማለት ነው።

የቀሩትን የሱባዔ ቀናት በሰላም አስፈጽሞ ለእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ያድርሰን። መልካም የደብረ ታቦር በዓል!